የእሸት ቡና ዋጋ ሲቆረጥ፦ የጠጪው ምርጫና የገበሬው ድርሻ

ባሕር ማዶ ያለ ቡና ጠጪ የሚመርጠው ነገር ሁሉ ጌዴኦ ወይም ጅማ ላለ ገበሬ ተጨማሪ ሥራ ሆኖ ይመጣል። ስለዚህ የኅብረት ሥራ ዩኒየን ወይም ላኪ ድርጅት የሚመራ ሰው ውል ከመፈረሙ በፊት፣ ገዢው የጠየቀውን ሥራ የሚሠራው ማን እንደሆነና ለሠሪው ስንት እንደሚደርሰው አስቀድሞ ማስላት ይገባዋል።

በመጀመሪያ ገዢዎ ገንዘቡን የሚያወጣው ለምን እንደሆነ ይለዩ። ልዩ ጣዕም ያለው ቡና ቆልቶ የሚሸጥ ገዢ በደንብ የቀላ እሸት ብቻ ይጠይቃል፤ ይህም ለቃሚውን ወደ አንዱ እግር ቡና ሦስትና አራት ጊዜ ያመላልሰዋል። ቀይና አረንጓዴውን ደባልቆ ከለቀመው ጎረቤቱ እኩል ከተከፈለው፣ በሚቀጥለው ዓመት እርሱም ደባልቆ ቢለቅም አይፈረድበትም። የቡናውን ቀበሌ ለይቶ ማወቅ የሚፈልግ ገዢ ደግሞ ምርቱ ለብቻው እንዲታጠብ፣ እንዲደርቅና እንዲከማች ስለሚያስገድድ፣ ይህ ወጪ ከገበሬው ዋጋ ላይ እንዳይቀነስ በውሉ ውስጥ ለይተው ያስጽፉ።

ገዢው የፌርትሬድ ምልክት (ለገበሬው ዝቅተኛ ዋጋ የሚያስከብር ዓለም አቀፍ የፍትሐዊ ንግድ ማረጋገጫ) ከፈለገ ስሌቱ እንደሚከተለው ነው። እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2023 ጀምሮ የታጠበ አረቢካ ዝቅተኛ ዋጋ በፓውንድ 1.80 ዶላር ነው፤ በኪሎ ሲሰላ ወደ 3.97 ዶላር ይሆናል። ለማኅበሩ የሚውል የ20 የአሜሪካ ሳንቲም ጭማሪም በፓውንድ አለው። አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና (ተፈልፍሎ ለመላክ የተዘጋጀ ያልተቆላ ፍሬ) ለማግኘት ወደ 6 ኪሎ እሸት ስለሚያስፈልግ፣ ለአንድ ኪሎ እሸት የሚደርሰው 66 የአሜሪካ ሳንቲም ገደማ ነው፤ እሱም የወደብ ዋጋ በመሆኑ የማጠቢያው፣ የመፈልፈያውና የማጓጓዣው ወጪ ገና ከላዩ ላይ ይነሣል። ይህን ስሌት በእሸት መረከቢያ ጣቢያው ሰሌዳ ላይ ጽፎ ለአባላት ማሳየት እጅግ አስፈላጊ ነው ብዬ አምናለሁ።

የዓለም ገበያ ከዝቅተኛው ዋጋ ሲበልጥ የሚከፈለው የገበያው ዋጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ በኒው ዮርክ ገበያ ፓውንዱ ከ4 ዶላር በላይ እንደወጣበት ዓይነት ጊዜ፣ ገበሬው ፍትሐዊነትን የሚመዝነው መንገድ ዳር ሚዛን ተክሎ በጥሬ ገንዘብ ከሚገዛው ሰብሳቢ ዋጋ ጋር አስተያይቶ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ክፍያ ከዕለቱ የአካባቢ ዋጋ እንዳያንስ በለቀማ ወቅት በቂ ጥሬ ገንዘብ ይያዙ፤ ቡናው ከተሸጠ በኋላ የሚታሰበው የሁለተኛው ክፍያ ድርሻና የሚከፈልበት ወርም ለቀማው ሳይጀመር በጽሑፍ ይገለጽ፤ ለእያንዳንዱ ርክክብም ኪሎውንና ዋጋውን የያዘ ደረሰኝ ይቁረጡ።