ከአዲስ አበባ ሐዋሳ ዕቃ ለምትጭኑ

ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ ቤት ልትቀይሩ ካሰባችሁ መጀመሪያ ተመላሽ አይሱዙ ፈልጉ። ከደቡብ ሙዝ ወይም አትክልት ጭኖ የገባ መኪና ባዶውን ከሚመለስ በቅናሽ ይጭንላችኋል። ደላላ ይህን ቶሎ አይነግራችሁም። ሹፌሩን ራሱን አናግሩት፤ ኮሚሽኑን ማን እንደሚከፍልም ቀድማችሁ ጠይቁ።

በጀት የሚያናጋው ግን ጫኝና አውራጅ ነው። እኔ የመጫኛውን ብቻ አስቤ ወጣሁ። 275 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ስንደርስ የሰፈሩ ልጆች በሩ ላይ ቆመው ጠበቁን። ለአንድ ሶፋና ለአንድ ቁም ሳጥን የጠሩት ዋጋ ጉድ ነው! መሽቶ ስለነበር ክርክርም አላዋጣኝም። እናንተ በቀን ግቡ። የማውረጃውን ዋጋ በአከራያችሁ በኩል አስጠይቃችሁ ቀድማችሁ ቁረጡት።

የኤሌክትሪክ ምጣዱን ከዕቃ ስር እንዳትከቱት፣ ሸክላው ይሰነጠቃል። የእኔን በሁለት ፍራሽ መሃል በቁሙ አስገብቼው በሰላም ደርሷል። ፍሪጁም ቆሞ ይጫን፤ እንደደረሰ ወዲያው አትሰኩት፣ ጥቂት ሰዓት ይረፍ። የአዲሱን ቤት ቅድሚያ ክፍያ ደግሞ ከመኪናው ብር ጋር አታደባልቁ፣ ለየብቻ ያዙት።