የጉበት ስብ በምስል ሲለካ የሚሠሩ ስህተቶች

«ፋቲ ሊቨር አለብህ»፣ ማለትም ጉበትህ ስብ አከማችቷል፣ የሚለው ዜና አብዛኛውን ጊዜ የሚሰማው ለሌላ ጉዳይ በታዘዘ የሆድ አልትራሳውንድ ነው። «ምን ያህል?» የሚለው ጥያቄ ይከተላል። ድሮ ይህን ለመመለስ በመርፌ ናሙና መውሰድ ግድ ነበር። አሁን አልትራሳውንድ፣ ፋይብሮስካን (በሞገድ የጉበትን ስብና ጥንካሬ የሚለካ መሣሪያ)፣ ሲቲና ኤምአርአይ ያለ ቀዶ ጥገና መልስ ይሰጣሉ፤ ነገር ግን እያንዳንዱ የራሱ መስፈሪያ አለው። በጣሳ የተሰፈረውን በኪሎ ቆጥሮ የሚጨነቅ ብዙ ነው።

አልትራሳውንድ «ደህና» ስላለ ስብ የለም ማለት

ተራ አልትራሳውንድ መካከለኛና ከባድ ስብን በደንብ ያያል። ከ20 በመቶ በታች ሲሆን ግን ብዙ ጊዜ ያመልጠዋል። የሚነበበውም በንጽጽር ነው፤ ጉበት ከቀኝ ኩላሊት ቅርፊት ይልቅ ከነጣ ስብ ይጠረጠራል። ንጽጽሩ የሚያዋጣው ሁለቱ በአንድ ምስል፣ በተመሳሳይ ጥልቀት ሲታዩ ነው። ጌይኑን፣ ማለትም የምስሉን ብርሃን የሚያጎላውን ማስተካከያ፣ ከፍ ያደረገ ባለሙያ የማንንም ጉበት ማንጣት ይችላል። በሌላ በኩል ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ኩላሊቱ ራሱ ስለሚነጣ ስባም ጉበት ጤነኛ መስሎ ያልፋል። በሐሞት ከረጢት አጠገብ ከስብ የተረፈች ጠቆር ያለች ቦታም አንዳንዴ እንደ እጢ ተቆጥራ ታማሚውን ታስደነግጣለች።

የፋይብሮስካንን ቁጥር በመቶኛ ማንበብ

ፋይብሮስካን ሁለት ቁጥር ያወጣል። ካፕ የሚባለው ስብን የሚመለከት ሲሆን ከ100 እስከ 400 ዴሲቤል በሜትር ይደርሳል። ሌላው ጠባሳን የሚጠቁመው የጉበት ጥንካሬ ነው፤ በኪሎፓስካል ይነበባል። ካፕ 280 ማለት 28 በመቶ ስብ ማለት አይደለም። የአልትራሳውንዱ ሞገድ ጉበት ውስጥ ሲያልፍ ምን ያህል እንደደከመ ብቻ ነው የሚናገረው። በሰፊው የሚጠቀሱት ወሰኖች ለቀላል ስብ 248፣ ለመካከለኛ 268፣ ለከባድ 280 ናቸው። በመካከለኛና በከባድ መካከል ያለው ክፍተት 12 ብቻ መሆኑን ልብ ይበሉ፤ ካፕ ስብ መኖሩን እንጂ ደረጃውን በመለየት ጎበዝ አይደለም።

አለካኩ ላይ የሚበላሸው ደግሞ ቀላል ነገር ነው። ታማሚው ቢያንስ 3 ሰዓት ምግብ ሳይቀምስ መምጣት አለበት፤ ከምግብ በኋላ ወደ ጉበት የሚሄደው ደም ስለሚጨምር በተለይ የጥንካሬው ቁጥር ያብጣል። «ቁርስ ብቻ ነው የቀመስኩት» ያለ ታማሚ በልቷል። በጀርባው ተኝቶ ቀኝ እጁን ከራሱ ሥር ያደርጋል፤ ፕሮቡም (ቆዳ ላይ የሚያርፈው መለኪያ) በጎድን አጥንቶች መካከል ከቆዳው ጋር ቀጥ ብሎ ይቆማል። 10 ትክክለኛ ልኬት ያስፈልጋል። በልኬቶቹ መካከል ያለው ስርጭት፣ ማለትም አይኪውአር፣ ለካፕ ከ40 ካለፈ ቁጥሩን አይመኑት። ከቆዳ እስከ ጉበት ያለው ርቀት 25 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ኤም የሚባለውን ፕሮብ ትቶ ኤክስኤል መያዝ ግድ ነው። ወፍራም ሰው ላይ በኤም ፕሮብ የተወሰደ ካፕ የሚለካው ከቆዳው ሥር ያለውን ስብ ሊሆን ይችላል።

ኮንትራስት ከተሰጠ በኋላ በተነሳ ሲቲ ስብ መለካት

ስብ የሚነበበው ኮንትራስት፣ ማለትም በደም ሥር የሚሰጥ ምስል አጉሊ መድኃኒት፣ ሳይሰጥ በተነሳ ሲቲ ላይ ነው። ጤነኛ ጉበት 60 ሃውንስፊልድ (የሲቲ የጥግግት መለኪያ) አካባቢ ሲሆን ከጣፊያ ትንሽ ከፍ ይላል። ከ40 ከወረደ፣ ወይም ከጣፊያው በ10 ካነሰ፣ መካከለኛ ወይም ከባድ ስብ አለ ይባላል። ለምሳሌ ጉበት 38፣ ጣፊያ 50 ቢሆን ጉበት ከጣፊያ በ12 ያንሳል። ኮንትራስት ከገባ በኋላ ግን ጣፊያ ከጉበት ቀድሞ ስለሚያበራ ይህ ስሌት ዋጋ የለውም። ጉበት ውስጥ የተከማቸ ብረት ወይም አሚዮዳሮን የተባለው የልብ መድኃኒት ቁጥሩን ወደ ላይ ስለሚገፋ ስቡን ይደብቃል። ስብን ብቻ ለማየት ሲቲ ማዘዝም ታማሚውን ለጨረር በከንቱ ማጋለጥ ነው።

ማንኛውንም ኤምአርአይ እንደ ፒዲኤፍኤፍ መቁጠር

ፒዲኤፍኤፍ በተለየ የኤምአርአይ ዘዴ የጉበትን ስብ በመቶኛ የሚሰጥ መለኪያ ነው። ብዙ ስህተት የተደበቀው እዚህ ነው። የተለመደው የሆድ ኤምአርአይ የውሃና የስብ ምልክት የሚደመሩበትን ኢን-ፌዝ እና የሚቀናነሱበትን አውት-ፌዝ ምስል ያነሳል። ብዙዎች በእነዚህ ሁለት ምስሎች ብቻ ስብን ያሰላሉ፤ ልዩነታቸውን ለኢን-ፌዙ እጥፍ ማካፈል ነው። ኢን-ፌዝ 200፣ አውት-ፌዝ 140 ቢሆን 60 ለ400፣ ማለትም 15 በመቶ ይወጣል።

አሁን ይኸው ጉበት ብረት አለው እንበል፤ ቲ-ቱ-ስታሩ (ምልክቱ የሚደክምበት ጊዜ፤ ብረት ያሳጥረዋል) 10 ሚሊሰከንድ ነው። በ1.5 ቴስላ ማሽን አውት-ፌዝ በ2.3፣ ኢን-ፌዝ በ4.6 ሚሊሰከንድ ይነሳል። ብረቱ ዘግይቶ የሚነሳውን የበለጠ ስለሚያደክመው ቁጥሮቹ ወደ 126 እና 111 ይወርዳሉ። ስሌቱ ያው ሆኖ ውጤቱ 6 በመቶ ይሆናል። ስቡ አልተነካም፤ የተሳሳተው መለኪያው ነው። ሁለት ምስል ብቻ ያለው ዘዴ ሌላም ጉድለት አለው፦ 40 በመቶ ስብንና 60 በመቶ ስብን መለየት አይችልም።

ፒዲኤፍኤፍ የሚባለው ይህን ሁሉ ያርማል። ብዙ ጊዜ 6 ኤኮ (በተለያየ ቅጽበት የተነሳ ምልክት) በአንድ ትንፋሽ ይሰበስባል፣ የብረቱን ጫና ያሰላል፣ ፍሊፕ አንግሉንም (ማሽኑ ምልክቱን የሚቀሰቅስበትን ማዕዘን) ዝቅ ያደርጋል፤ ከ3 እስከ 5 ዲግሪ ይበቃል። አንግሉ ከፍ ካለ ስብ ከውሃ ቀድሞ ስለሚያገግም ከእውነተኛው በላይ ይነበባል። ስለዚህ ሪፖርቱ ላይ መቶኛ ስላዩ ብቻ አይርኩ፤ በየትኛው ዘዴ እንደተሰላ ይጠይቁ።

አንድ ቦታ ነክቶ መላውን ጉበት መፍረድ

ስብ ጉበት ውስጥ እኩል አይሰራጭም፤ ቀኙ ክፍል ብዙ ጊዜ ከግራው ይበልጣል፣ ግራው ደግሞ በልብ ምት ይናወጣል። ጥሩው ልማድ ጉበት በሚከፈልባቸው በዘጠኙም የኩዊኖ ክፍሎች ምስል ላይ 1 ሴንቲሜትር ራዲየስ ያለው ክብ አስቀምጦ አማካዩን መውሰድ ነው። ክቡ የደም ሥር፣ የሐሞት ቱቦና የጉበት ጠርዝ መንካት የለበትም። ጠርዝ ላይ ያረፈ ክብ ከጉበት ውጭ ያለውን የሆድ ስብ ይዞ ይመጣል።

የምስሉን መቶኛ ከናሙናው መቶኛ ጋር ማጋጨት

በመርፌ በተወሰደ ናሙና ላይ ሐኪሙ የሚቆጥረው ስብ የያዙ ሕዋሳትን ነው፤ ደረጃዎቹ በ5፣ በ33 እና በ66 በመቶ ይከፈላሉ። ፒዲኤፍኤፍ የሚለካው ደግሞ ከስብ የመጣውን የምልክት ድርሻ ነው። በፒዲኤፍኤፍ 17 በመቶ ገደማ መካከለኛ፣ 22 ገደማ ከባድ ነው። «22 ብቻ ነው፣ ቀላል ነው» የሚል ሰው በናሙናው መስፈሪያ እያነበበ ነው።

ክትትል ላይም ተመሳሳይ ግርታ አለ። ከ24 ወደ 16.8 የወረደ ሰው 7.2 ነጥብ ቀንሷል፤ ከመነሻው አንጻር ግን 30 በመቶ ነው። የመድኃኒት ጥናቶች ትርጉም ያለው ለውጥ የሚሉት ይህን ሁለተኛውን ነው። 3 ነጥብ ገደማ የሆነ ልዩነት ግን በመለኪያው መዋዠቅ ብቻ ሊመጣ ይችላል፤ ማሽን ከተቀየረ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል።

የስብን ቁጥር የጠባሳ ቁጥር ማድረግ

የጉበትን ዕድሜ የሚወስነው በዋናነት ጠባሳው ነው። ጉበት ወደ ሲሮሲስ (በጠባሳ ወደሚሞላበት ደረጃ) ሲያመራ ስቡ ሊጠፋ ይችላል፤ ያለ ክብደት መቀነስና ያለ ሕክምና ከ18 ወደ 4 የወረደ ፒዲኤፍኤፍ ከማስደሰቱ በፊት የጥንካሬው ቁጥር ይታይ። ምስሉ ስቡ ከአረቄ ይምጣ ከስኳር በሽታም አይናገርም።

ጠባሳን ለመገመት መነሻ የሚሆነው ርካሹ ስሌት ፊብ-4 ነው፤ የሚጠቀመው ኤኤስቲና ኤኤልቲ የተባሉ በደም የሚለኩ የጉበት ኢንዛይሞችንና ደም የሚያረጉትን ፕላትሌቶች ነው፦ ዕድሜ በኤኤስቲ ተባዝቶ፣ ለፕላትሌት እና ለኤኤልቲ ስኩዌር ሩት ብዜት ይካፈላል። የ52 ዓመት ሰው፣ ኤኤስቲ 60፣ ኤኤልቲ 50፣ ፕላትሌት 180 ሺህ ቢሆን 2.45 ይመጣል። ከ1.3 በላይ ስለሆነ ጥንካሬ መለካት ይቀጥላል። ከ65 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው ወሰኑ 2 ነው። ፕላትሌቱን ሲያስገቡ 180 ብለው ያስገቡ፤ 180,000 ብሎ የጻፈ ሰው ማንንም ጤነኛ ያደርገዋል።