የሳይንስ ልብ ወለድ ስንጠቁም ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በደሴና በኮምቦልቻ ያሉ የንባብ ወዳጆች በኢንተርኔት በነጻ የሚገኙ የሳይንስ ልብ ወለድ አጫጭር ታሪኮችን በቴሌግራም ይለዋወጣሉ፤ ከሚላከው ብዙ የሚነበበው ጥቂት የሚሆነው ግን በታሪኮቹ ድክመት ሳይሆን በአጠቋቆማችን ይመስለኛል።

ዋነኛው ስህተት ሊንክ ብቻ ልኮ «አንብበው፣ ትወደዋለህ» ማለት ነው። ወደ ኮምቦልቻ በሚወርድ ሚኒባስ ውስጥ ተጨናንቆ የተቀመጠ ሰው፣ ቀሪ ዳታውን እያሰላ የማያውቀውን ገጽ የሚከፍትበት ምክንያት የለውም። ሁለት ዐረፍተ ነገር ግን ታሳምነዋለች፦ ለምሳሌ ናኦሚ ክሪትዘር እ.ኤ.አ. በ2015 በክላርክስወርልድ መጽሔት ያወጣችው «ካት ፒክቸርስ ፕሊዝ» ተራኪው የድመት ፎቶ የሚወድ ሰው ሠራሽ አስተውሎት እንደሆነና የሰዎችን ገመና ስለሚያውቅ ሕይወታቸውን ሊያቃና እንደሚጥር መግለጽ በቂ ነው። ከዚያ አልፎ መጨረሻውን መተረክ ሁለተኛው ስህተት ይሆናል።

ሦስተኛው «አጭር» የሚለውን ስም አምኖ ርዝመቱን አለመናገር ነው። ለሳይንስ ልብ ወለድና ለምናባዊ (ፋንታሲ) ሥራዎች የሚሰጠው የሁጎ ሽልማት ደንብ ከ7,500 ቃላት በታች ያለውን አጭር ልብ ወለድ ብሎ፣ ከዚያ እስከ 17,500 ቃላት የሚደርሰውን በሌላ ዘርፍ ይመድበዋል፤ ስልክ ላይ ግን ሁለቱም ሲከፈቱ አንድ ይመስላሉ። እንግሊዝኛን ቀስ ብሎ ለሚያነብ ሰው ልዩነቱ የአንድ ሰዓትና የበርካታ ምሽቶች ነው። መብራትና ኔትወርክ ቀጠሮ ስለማያከብሩም፣ ዋይፋይ ባለበት ገጹን እንዲያስቀምጠው ቀድሞ መንገር ደግ ነው።

ጽሑፉን ገልብጦ፣ የደራሲውን ስም ቆርጦ በፒዲኤፍ ማሰራጨትም የተለመደ ነው። በነጻ የሚያስነብቡት መጽሔቶች በአንባቢዎች ድጋፍ የሚቆሙ ሲሆኑ፣ ስሙ የጠፋበት ጽሑፍ ያስደሰተው አንባቢም የደራሲውን ሌላ ሥራ የሚፈልግበት መንገድ ያጣል። ራሳችን ሳንጨርሰው መጠቆም ስህተት ስለመሆኑ ማብራሪያ የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

በመጨረሻም፣ ሽልማትን ብቻ መከራከሪያ ማድረግ ብዙ አያራምድም። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ለሚጠግን ወዳጃችን የቴድ ቺያንግን «ኤግዛሌሽን» ስንጠቁም፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ሁጎን ማሸነፉን ከመንገር ይልቅ፣ ተራኪው በአየር ግፊት የሚንቀሳቀስ ፍጡር መሆኑንና የራሱን አንጎል ፈትቶ እንደሚመረምር ብንገልጽለት ይበልጥ ይስበዋል፤ ስለ ግፊት ከእኛ የተሻለ ስለሚያውቅም፣ አንብቦ ሲጨርስ የሚያነሳቸውን ጥያቄዎች ለመመለስ እኛው ታሪኩን ደግመን ማንበባችን አይቀርም።