የዋይቢሲኦ ፊልም እርጥበት እንዳይበላው እንዴት እንደሚያዝ

ዋይቢሲኦ (ኢትሪየም፣ ባሪየም፣ መዳብና ኦክስጅን ማለት ነው) ከ1987 ጀምሮ የሚፈለገው በ92 ኬልቪን ገደማ ሱፐርኮንዳክተር (ከረንት ያለ ምንም ሬዚስታንስ የሚያሳልፍ) ስለሚሆን ነው፣ ፈሳሽ ናይትሮጅን 77 ኬልቪን ስለሆነ በሱ ማቀዝቀዝ ብቻ ይበቃዋል። ግን ውሃ ጠላቱ ነው። ባሪየሙ እርጥበት ሲያገኝ ሃይድሮክሳይድ ይሆንና ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ካርቦኔት ይሰራል፣ እሱ ደግሞ ከረንት አያሳልፍም። ወፍራም ቁራጭ ላይ ላዩ ቢበላ ውስጡ ይተርፋል፣ 200 ናኖሜትር ውፍረት ያለው ፊልም (ስስ ሽፋን) ግን ምኑ ሊተርፍ?

1. ጠርዙን በወረንጦ ያዙ። ጣት አይነካውም፣ ላብም ውሃ ነው።

2. ማጠብ ካለባችሁ አሴቶን፣ ቀጥሎ አይሶፕሮፓኖል፣ ከዛ በደረቅ ናይትሮጅን ንፉት። በውሃ ማለቅለቅ የለም።

3. ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ሬዚስታንሱን ከለካችሁ በኋላ ማሞቅ። እኔን ያቃጠለኝ እዚህ ጋ ነው። ፊልሙን ከናይትሮጅኑ አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት፣ ወዲያው አመዳይ ለበሰ፣ ትንሽ ቆይቶ አመዳዩ ቀልጦ ጠብ ጠብ ያሉ የውሃ ጠብታዎች ሆነ፣ እኔም ብልጥ ነኝ ብዬ በፀጉር ማድረቂያ ነፋሁበት። ሲደርቅ ነጫጭ ክብ ምልክት ቀረ። በሳምንቱ ስለካው በፊት 90 ላይ ቀጥ ብሎ ይወርድ የነበረው ሬዚስታንስ እየተንፏቀቀ ነው የሚወርደው፣ 77 ላይ እንኳን ዜሮ አልገባም። የሁለት ወር ስራ!

አሁን የማደርገው እንዲህ ነው፦ ፊልሙን ከፈሳሹ ከፍ አድርጌ እዛው ዕቃው ውስጥ፣ ጋዙ መሃል እተወዋለሁ፣ ፈሳሹ ተኖ እስኪያልቅና ፊልሙ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ አልነካውም። አፉን ላላ አድርጋችሁ ክደኑት፣ ጥብቅ አድርጎ መዝጋት ግን አደገኛ ነው ይፈነዳል። ማታ ትቶ ጠዋት መምጣት ነው የሚሻለው፣ ቸኩላችሁ 250 ኬልቪን ላይ (ገና ከዜሮ ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሳለ) ከከፈታችሁት ልፋታችሁ ገደል ገባ።

4. ቫኪዩም ውስጥ አታግሉት፣ ኦክስጅኑ ይወጣል። ይሄኛው እንኳን ኦክስጅን ውስጥ ከ400 እስከ 500 ዲግሪ ሴልሺየስ አቆይቶ ቀስ ብሎ በማቀዝቀዝ ይመለሳል። ካርቦኔት የሆነው ግን በዚህ ሙቀት አይመለስም።

5. ማስቀመጫ፦ ክዳኑ የሚገጥም ሳጥንና ሲሊካ ጄል ይበቃል፣ ውድ ካቢኔት የግድ አይደለም። ሰማያዊው ጄል ሮዝ ከሆነ እርጥበት ጠግቧል፣ ኦቨን ውስጥ አድርቃችሁ መልሱት፣ ፊልሙን ግን አብራችሁ እንዳትከቱት።