መኪና በሌለበት መንዳት፦ ሱባ ጫካ በብስክሌት

ቤቴ አየር ጤና ነው። እዚያ ብስክሌት የነዳ ሰው ለምን ጫካ ድረስ እንደምሄድ አይጠይቀኝም። ከፊት ሚኒባስ ድንገት ቆሞ ሰው ያወርዳል፣ ከኋላ ገልባጭ መኪና ጥሩምባውን ይነፋል፣ መሃል ላይ እኔ አለሁ። እናቴ "ልጄ፣ ይሄን ነገር ተይው፣ አንድ ቀን ታስለቅሺኛለሽ" ስትለኝ ሁለት ዓመት ሆናት። አሁን የምነዳው ሱባ ነው ስላት ትንሽ ተንፈስ ብላለች። ጅብ መኖሩን አልነገርኳትም።

መናገሻ ሱባ ከከተማው በስተምዕራብ፣ በወጨጫ ተራራ ወገብ ላይ ያለው ጥብቅ ደን ነው። የባሌን ወይም የሰሜን ተራሮችን ስፋት አትጠብቁ። ግን ጠዋት ከቤት ወጥቶ ከሰዓት በኋላ ለሚመለስ ሰው እንዲህ ያለ ጫካ ቅርብ የለም። ደንግጣችሁ መሪውን የምታዞሩት ለጉሬዛ ነው እንጂ ለታክሲ አይደለም።

አንድ ስህተት ቀድሜ ልንገራችሁ። ወደ ሱባ የምንገባው በሰበታ በኩል ነው፤ ግን እስከ ሰበታ በብስክሌት አትሂዱ። የጅማ መንገድ የጭነት መኪና መንገድ ነው። ብስክሌቱን ሚኒባስ ፖርቶ መጋላ ላይ ጫኑት። ረዳቱ የአንድ ሰው ሂሳብ ይጨምርባችኋል፤ ብዙ አትከራከሩ። ማሰሪያ ግን የራሳችሁን ያዙ። አሮጌ ካላማዳሪ (ጎማው ውስጥ ንፋስ የሚይዘውን ላስቲክ) በቁመቱ ሰንጥቃችሁ ሁለት ሦስት ቁራጭ ካዘጋጃችሁ ከገመድ ይሻላል፤ ይለጠጣል፣ ቀለም አይልጥም። ብስክሌቱ ሲተኛ የሰንሰለቱ ጎን ወደ ላይ ይሁን። እኔ ይሄን ሳላውቅ ማርሽ መቀየሪያው ተጣሞብኝ፣ ሙሉውን ቀን በአንዲት ማርሽ ነው የነዳሁት። ዳገት ላይ ምን እንዳልኩ አልጽፈውም።

ከመውጣታችሁ በፊት ሰበታ አካባቢ የሚኖር ሰው ጋ ደውሉ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ገበያ ቀኑ፣ ስለ መንገዱ ሰላም ጠይቁት። እኔ ሁልጊዜ እደውላለሁ። "ዛሬ ይቅርብሽ" ካለኝ ይቀርብኛል። ብቻችሁንም አትሂዱ፤ ከዛፉ ስር ኔትወርክ ይጠፋል።

ወሩም ይመረጣል። ከሰኔ እስከ መስከረም እርሱት። እርሻው መሃል ዋልካ አለ። ዋልካ ሲርስ ጎማ ላይ እንደ ሊጥ ይጠቀለላል፣ ፍሬኑ ስር ይታጨቃል፣ ከዚያ ቸርኬው መዞሩን ያቆማል። ያኔ ብስክሌቱ እናንተን ሳይሆን እናንተ ብስክሌቱን ትሸከማላችሁ። ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር ያለው ጊዜ ምርጥ ነው። ኅዳር ላይ ጤፉ ሲታጨድ ሽታው ብቻ ያስነዳል። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ በልግ ሊጥል ስለሚችል የዋዜማውን ሰማይ አይታችሁ ወስኑ።

አሁን ወደ ጎማው። ፒስታ ላይ፣ ማለትም አስፋልት በሌለው የጠጠር መንገድ፣ ከእግራችሁ ጉልበት በላይ የሚወስነው የጎማው ንፋስ ነው። የኔ ጎማ ስፋቱ 40 ሚሊ ሜትር ነው። አስፋልት ላይ 50 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) የምነፋውን፣ ሰበታ ስወርድ ወደ 35 አወርደዋለሁ። እኔ 61 ኪሎ ነኝ፤ ከበድ የምትሉ 40 አድርጉት። መለኪያ ከሌላችሁ በአውራ ጣት ተጫኑት፤ ትንሽ ገባ ካለ ይበቃል። ጎሚስታ ጋ ሄዳችሁ "ሙላልኝ" ካላችሁ እንደ ድንጋይ አጠንክሮ ነው የሚሰጣችሁ። እንደዚያ ሆኖ ጠጠር ላይ ከወጣችሁ ጥርሳችሁ ይንገጫገጫል፣ ጎማውም መሬት አይቆነጥጥም። በጣም ካወረዳችሁት ደግሞ ቸርኬው ካላማዳሪውን ድንጋይ ላይ ይነክሰዋል። ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ካያችሁ እባብ የነከሰው እንጂ እሾህ የወጋው አይመስልም። ያ የንፋስ ማነስ ነው።

እሾህ ከሆነ ግን ሌላ ትምህርት አለኝ። ባለፈው ዓመት ጎማዬ ተነፈሰ። ቶሎ ብዬ ካላማዳሪ ቀየርኩ፣ ነፋሁ፣ በራሴ ተኩራርቼ ተነሳሁ። አንድ ኪሎ ሜትር ሳልሄድ ፉስስስ አለ። እሾሁ ከጎማው ውስጥ አልወጣም ነበር። መለዋወጫ አልቆብኝ እስከ ሰበታ እየገፋሁ በእግሬ ወረድኩ። ከዚያ ወዲህ የአሮጌ ነጠላ ቁራጭ እይዛለሁ። ጎማውን ከፈታችሁ በኋላ ጨርቁን በውስጡ ዙሪያውን ቀስ አድርጋችሁ ጎትቱት። እሾህ ካለ ጥጡን ይይዘዋል። ጣት ካስገባችሁ ግን ጣታችሁን ነው የሚይዘው። የወጣውን ጫፍ ከውስጥ በኩል በድንጋይ መታ መታ አድርጋችሁ ወደ ውጭ ግፉትና ነቅላችሁ ጣሉት። ነጠላው የእናቴ ነው፤ እስካሁን አልፈለገችውም።

መንደር ስታልፉ ፍጥነት ቀንሱና ሰላም በሉ። "አካም ጂርቱ" ማለት ብዙ በር ይከፍታል። እንደ ንፋስ ዝም ብሎ የሚያልፍ ሰው ያስደነግጣል፤ አህያ የሚነዱ እናት ካሉ ደግሞ አህያዋ ከነሸክሟ ቦይ ውስጥ ትገባለች። ከሩቅ ድምፅ አሰሙ፣ ከዚያ ወርዳችሁ አሳልፏቸው። ውሻ ከመጣ ለማምለጥ አትሞክሩ። ውረዱ፣ ብስክሌቱን በእናንተና በእሱ መሃል አቁሙ፣ ድንጋይ እንደሚያነሳ ሰው ጎንበስ በሉ። መወርወር አያስፈልግም። የሀገራችን ውሻ ጎንበስ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

ኬላው ላይ መግቢያ ይከፈላል፤ ዝርዝር ብር ያዙ። በብስክሌት እንደምትገቡ ንገሩና የትኛው መንገድ ለመንዳት እንደሚሆን ጠይቁ። መጀመሪያ ቀን ጥበቃው አባት ከላይ እስከ ታች አዩኝና "እህቴ፣ ይሄን ይዘሽ ዳገቱን ልትወጪ ነው?" አሉኝ። አዎ አልኩ። "ታዲያ ቀስ በይ" አሉ። ከእሳቸው የተሻለ ምክር እኔም የለኝም። ተቀምጣችሁ፣ ትንሿን ማርሽ አስገብታችሁ፣ እያወራችሁ መውጣት በምትችሉበት ፍጥነት ውጡ። ቆማችሁ ከረገጣችሁ የኋላ ጎማው ጠጠሩ ላይ ባዶውን ይሽከረከራል።

ባህር ዛፍ ያለበት ቦታ ስትደርሱ ፍሬውን ተጠንቀቁ። ጥርጊያው ላይ ተበትኖ እንደ ብይ ይንከባለላል። መሪውን አታጥፉ፣ የፊት ፍሬን አትያዙ፣ ቀጥ ብላችሁ እለፉ። ከዚያ ወደ ላይ ሲወጣ የድሮው ጽድ ይመጣል። አጼ ዘርአ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ሰሜን ሸዋ ካለው የወፍ ዋሻ ደን ዘሩን አስመጥተው አስተከሉት ይባላል። አንዳንዱን ግንድ ሁለት ሰው ተያይዞ አያቅፈውም። ጥላው ስር ሲገባ ላቡ ወዲያው ይበርዳል፤ ጃኬት የምለብሰው እዚያ ነው። ጉሬዛዎቹ ከላይ ሲዘሉ ጭራቸው ነጭ ጨርቅ የተወረወረ ይመስላል። የምኒልክ ድኩላ ያየሁት አንዴ ብቻ ነው፤ ያውም ፍሬኔ ጮኾ አስበረገገው። ከመኪናው መንገድ ወጥታችሁ የእግር መንገዶቹ ውስጥ አትንዱ። ጠባብ ናቸው፣ በጎማ ይቦረቦራሉ። የወጨጫ ጫፍ 3,385 ሜትር ነው፤ እሱን ያማረው ሰው ብስክሌቱን ኬላ አስቀምጦ ሌላ ቀን በእግሩ ይውጣ።

ምግብ ላይ ብዙ አልልም። ቆሎ እያለከለኩ አይበላም፤ ትን ይላል። በሶ በብስክሌት ኮዳ በጥብጬ ጡቷ ተደፍኖብኛል። ጭኮ ግን በትንሽ ዕቃ ይያዛል፣ ሁለት ጉርሻ ዳገት ያስወጣል። ውሃ ለሰው ሁለት ሊትር።

መውረዱ ከመውጣቱ ይከፋል። ብርዱ ጣት ያደነዝዛል፣ የደነዘዘ ጣት ደግሞ ፍሬን በልኩ አይዝም። ደረታችሁ ላይ ከጃኬቱ ስር ጋዜጣ አስገቡ፣ እግራችሁን ከካልሲው በላይ በፌስታል ጠቅልሉ። ሳቁብኝ፣ ግን ሞክሩት። መንገዱ እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ የተሸነተረበት ቦታ ላይ መሪውን አንቃችሁ አትያዙ። ከመቀመጫው ትንሽ ተነሱ፣ ክንዳችሁን አላሉት፣ ብስክሌቱ ከስራችሁ ይንቀጥቀጥ። ፍሬኑን ያዝ ለቀቅ አድርጉት። ከመታጠፊያው በፊት እንጂ መታጠፊያው ላይ አትያዙ። መታጠፊያው ላይ የያዝኩበት ጠባሳ ክርኔ ላይ አለ።

ሰበታ ስትደርሱ ጎማውን መልሳችሁ ንፉ፣ ሽሮ ብሉ፣ ከ8 ሰዓት በፊት ሚኒባስ ያዙ። ቤት ገብታችሁ ከመተኛታችሁ በፊት ሰንሰለቱን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉና ዘይት ቀቡት። ለዚህ ነጠላ አያስፈልግም፤ ያለቀ ካልሲ ይበቃል።