ስለ ፊልም መጨረሻ ሳይቀያየሙ እንዴት መከራከር ይቻላል

ፋንታሲ የሚወዱ ጓደኛሞች ተሰብስበው ፊልም ካዩ፣ ዋናው ነገር የሚጀምረው ፊልሙ ሲያልቅ ነው። አንዱ «መጨረሻው አንጀት ያርሳል» ይላል። ሌላው «መጽሐፉን ገደሉት» ይላል። ከዚያ ጭቅጭቅ ነው። እኔ በምሳሌነት የምይዘው ከቶልኪን «የቀለበቶቹ ጌታ» መጽሐፍ የተሠራውን የፒተር ጃክሰንን ፊልም «የንጉሡ መመለስ» ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ወጣ፤ 11 ኦስካር ወሰደ። መጨረሻው ግን ዛሬም ያከራክረናል።

መጀመሪያ የትኛውን ቅጂ እንዳያችሁ ተጠያየቁ። ይህን ባለማድረጌ አንድ ቅዳሜ ተበላሽቶብኛል። ከጓደኛዬ ጋር ስለ ክፉው ጠንቋይ ስለ ሳሩማን ሁለት ሰዓት ተከራከርን። እኔ «ፊልሙ ላይ ሲሞት አይታይም» እላለሁ። እሱ «ተወግቶ ከግንቡ ሲወድቅ በዓይኔ አይቻለሁ» ይላል። ተቀይሞኝ ሄደ። ለካ ሁለታችንም ልክ ነበርን። እኔ ያየሁት ሲኒማ ቤት የታየውን፣ እሱ ያየው በኋላ በዲቪዲ የወጣውን ረጅሙን ነው። እባካችሁ ይህን ጥያቄ አትዝለሉት።

ቀጥሎ የመጽሐፉን መጨረሻ እንደገና አንብቡ። የታሪኩ ማዕከል የሆነው ክፉ ቀለበት እሳተ ገሞራ ውስጥ ወድቆ ከጠፋ በኋላ ስድስት ምዕራፎች አሉ። የዩቲዩብ ማጠቃለያ አይበቃም፤ ምን እንደሆነ ይነግራችኋል እንጂ ስታነቡት የሚሰማችሁን አይሰጣችሁም።

አሁን ወደ ከባዱ እንምጣ። «አጥግቧል ወይ?» እና «ለመጽሐፉ ታምኗል ወይ?» የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። አንዱን ሳትጨርሱ ሌላውን አታንሱ። መታመን ራሱ ሁለት ዓይነት ነው፤ ለድርጊቱ መታመን አለ፣ ለሐሳቡ መታመን አለ።

የአራቱን ጓደኛሞች፣ ቀለበቱን የተሸከመው የፍሮዶን፣ የሳምን፣ የሜሪንና የፒፒንን፣ ወደ አገራቸው ወደ ሻየር መመለስ እንውሰድ። በቶልኪን መጽሐፍ ሲመለሱ ዛፉ ተቆርጧል፣ ቤቱ ፈርሷል፣ ሰፈሩን ወሮበሎች ይዘውታል። ሜሪና ፒፒን በጦርነቱ የተማሩትን ይዘው የገዛ አገራቸውን ነፃ ያወጣሉ። ከዓመታት በኋላ ተመልሶ የልጅነት ሰፈሩን ፈርሶ ያገኘ ሰው ይህን ምዕራፍ ማንም እንዲያስረዳው አይፈልግም። ፊልሙ ግን ሻየርን እንደነበረች አቆይቷታል። አራቱ መጠጥ ቤት ይቀመጣሉ። ዙሪያቸው ሳቅና ጫጫታ ነው። እነሱ ብቻ ዝም ብለው ይተያያሉ፤ ብርጭቆ ያነሳሉ። ያዩትን የሚያውቅላቸው የለም።

በድርጊት ከሄድን ፊልሙ አልታመነም። ግን ዝምታው ያጠግባል፤ ፍሮዶ ቤቱ ገብቶም እንዳልተመለሰ ያሳያል፤ ይህ ደግሞ የመጽሐፉም ሐሳብ ነው። የእኔ ፍርድ፦ ትዕይንቱን እወደዋለሁ፣ የሜሪና የፒፒን ውጊያ መቅረቱ ግን ያንገበግበኛል።

በዚሁ መንገድ የእሳተ ገሞራውን ትዕይንት ሞክሩት። በመጽሐፉ ለቀለበቱ ያበደው ፍጡር ጎለም ቀለበቱን ከፍሮዶ ጣት ጋር ነክሶ ይወስድና በደስታ ሲጨፍር ራሱ አዳልጦት ይወድቃል። በፊልሙ ፍሮዶ ተነስቶ ይታገለዋል፤ ተያይዘው ከገደሉ ጫፍ ይወድቃሉ፤ ፍሮዶ ጫፉን ይዞ ይተርፋል። ልዩነቱ ጥቂት ሴኮንድ ነው፤ ለእኔ ግን ከሻየሩ ይብሳል። መጽሐፉ ላይ ማንም አልገፋውም።

ስትከራከሩ «ባጠቃላይ» የምትል ቃል ከወጣች አስቁሙ። «የትኛው ትዕይንት?» በሉ። ፊልሙን ከፍታችሁ ቦታውን አሳዩ።

ነገሩ ከከረረ ደግሞ ወደ መጨረሻዋ ንግግር ሂዱ። እዚያ መጽሐፉም ፊልሙም አንድ ናቸው። ሳም ፍሮዶን ሸኝቶ ቤቱ ይደርሳል፤ ሚስቱና ልጁ ይጠብቁታል። «እንግዲህ ተመልሻለሁ» ይላል።