ስልካችሁ ውስጥ ከተከማቹ ፎቶዎች የራሳችሁን ዓይን እንዴት ታገኛላችሁ

የፎቶ ተማሪ ሆኖ «የእኔ ስታይል የቱ ነው?» በሚል ጥያቄ ያልተጨነቀ ያለ አይመስለኝም። ሁለተኛ ዓመት ላይ ሳለሁ ጥያቄው እንቅልፍ ይነሳኝ ነበር። አንድ ወር ጥቁርና ነጭ የመንገድ ፎቶ አነሳለሁ፤ በቀጣዩ ወር ፋሽን፤ ከዚያ ደግሞ ጭጋግ የለበሰ ተራራ። ስልኬን በከፈትኩ ቁጥር የሌላ ሰው ቆንጆ ሥራ አያለሁ፣ ዓይን አዋጅ ይሆንብኛል፣ በማግስቱ ያንን ለመምሰል እወጣለሁ። ከዚህ አዙሪት የወጣሁት በልጅነቴ እይዘው በነበረ ስልክ ውስጥ የቀሩትን ፎቶዎች አንድ ቅዳሜ ቁጭ ብዬ ሳያቸው ነው።

ስልክ ይዞ ያደገ ትውልድ የቀደሙት ፎቶ አንሺዎች ያላገኙት ሀብት አለው። ገና ፎቶ አንሺ እሆናለሁ ብሎ ሳያስብ፣ ማንም ሳያስተምረው፣ ዓይኑ ወዴት ይሳብ እንደነበር የሚመሰክሩ የዓመታት ምስሎች በእጁ አሉ። ቀጥሎ ያለው አሠራር ያንን ክምር ለማንበብ እኔ የሄድኩበት መንገድ ነው። በስልክ ብቻ ለምታነሱም ይሠራል። ሳትቻኮሉ ከያዛችሁት ሁለት ወር ያህል ይወስዳል።

1. ክምሩን አንድ ቦታ ሰብስቡ

መሳቢያ ውስጥ የተረሳውን ስልክ፣ የድሮ ሜሞሪ ካርድ፣ ለዘመድ የላካችኋቸውን፣ በኢሜይል ያስቀመጣችኋቸውን ሁሉ ወደ አንድ ፎልደር ገልብጡ፤ በየዓመቱም ለዩዋቸው። ስክሪንሾቶችንና ከሰው የተላኩላችሁን አውጡ። የሚቀረው እናንተ ያነሳችሁት ብቻ ይሁን።

በጥራት ምክንያት አንዱንም አትጣሉ። የኮዳክ መሐንዲስ ስቲቨን ሳሰን እ.ኤ.አ. በ1975 የሠራው የመጀመሪያው ዲጂታል ካሜራ የሚይዘው 100 በ100፣ ማለትም 10,000 ፒክስል ብቻ ነበር፤ አንዱን ምስል በካሴት ላይ ለመቅዳትም 23 ሰከንድ ይፈጅበት ነበር። የእኔ የመጀመሪያ ስልክ የሚያነሳው 640 በ480 ነበር። ለዚህ ሥራ ይበቃል፤ የምንፈልገው ዓይናችሁ የቆመበትን ቦታ ነውና።

ከዚያ ወደ ሌላ ነገር ሳትሄዱ ቅጂ አስቀምጡ። ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። ይህን አጥብቄ የምናገረው የሦስት ዓመት ፎቶዬን በአንድ ሃርድ ዲስክ ብቻ አስቀምጬ፣ ዲስኩ ከጠረጴዛ ወድቆ ቀጭ ቀጭ ሲል ስለሰማሁት ነው። አንዱም አልተረፈም።

2. ብዙ ሳታስቡ 30 ምረጡ

በአንድ ቁጭታ ሁሉንም በፍጥነት እያሳለፋችሁ እጃችሁ የቆመባቸውን 100 ያህል ለዩ። «ለምን ይሄ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ጥያቄው ከመጣ የሚያምረውን መምረጥ ትጀምራላችሁ። በማግስቱ ከ100ው 30 አስቀሩ። ከተቻለ በትንሽ መጠን፣ 10 በ15 ሴንቲ ሜትር፣ አሳትሟቸውና ወለል ላይ ዘርጓቸው። ስክሪን ላይ ፎቶ አንድ በአንድ ነው የሚታየው፤ ወለል ላይ ግን እርስ በርሳቸው መነጋገር ይጀምራሉ።

3. የሚደጋገመውን ፈልጉ

እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ። ወለሉን ለሁለት ለሦስት ቀን ሳታነሱ ተዉት፣ ባለፋችሁ ቁጥር ተመልከቱ። ራሳችሁን የምትጠይቁት ቀላል ቀላል ነገር ነው። ከሰው ምን ያህል ርቄ ነው የምቆመው? ብርሃኑ ከየት ይመጣል? ከፍሬሙ ውጭ ሁልጊዜ የምተወው ምንድን ነው? ከላይ ወደ ታች ነው የማየው ወይስ ከታች ወደ ላይ? የትኛው ቀለም ሳልጠራው ይመጣል?

ፋይሉ ውስጥ የተቀመጠውን መረጃም ክፈቱ። ዲጂታል ፎቶ አብዛኛውን ጊዜ የተነሳበትን ሰዓት፣ የሌንሱን ርዝመት (ሌንሱ ሰፋ አድርጎ ወይም አቅርቦ እንደሚያይ የሚናገረውን ቁጥር) እና የብርሃን መጠኑን ይዞ ነው የሚቀመጠው። እኔ ሰዓቱን በወረቀት ላይ ስዘረዝር ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከሰዓት በኋላ ከ10 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ የተነሱ ሆነው አገኘሁ። ከትምህርት ቤት ተመልሼ ማንም ሳያዘኝ የምቆይባት ሰዓት ነበረች። (ፎቶ ስታጋሩ ግን ቦታን የሚጠቁመውን መረጃ አጥፉት፤ ቤታችሁን ለማያውቃችሁ ሰው መስጠት አያስፈልግም።)

ከ30ዎቹ በ19ኙ ውስጥ ፊት የለም። ማጅራት፣ እጅ፣ ወደ መስኮት የዞረ ጀርባ ነው ያለው። አንዷን ላሳያችሁ። አክስቴ መስኮት ሥር ተቀምጣ መርፌ እየሰካች ነው። ስልኩ ፎከሱን ስቶ መጋረጃውን ይዟል። የክሩን ጫፍ በምራቋ አርጥባ በሁለት ጣቶቿ ቆንጥጣዋለች፤ አንገቷ ላይ ቀጭን ብርሃን አርፏል። ክሩ በፍጹም አይታይም፤ ጣቶቿ ግን የት እንዳለ ያውቃሉ። ያኔ 11 ዓመቴ ነበር፤ ሰው ዓይን ውስጥ ማየት የማልችል ዓይን አፋር ልጅ ነበርኩ። ስልክ የምነካካ መስዬ ከኋላ ሰዎች በሥራ ላይ ሆነው ራሳቸውን ሲረሱ አያለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከሌሎች ፎቶ ውስጥ ስፈልገው የነበረው ነገር እዚያች ብዥ ያለች ምስል ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል።

ቪቪያን ማየር የምትባለውን ፎቶ አንሺ ታውቋት ይሆናል። በኒው ዮርክና በቺካጎ በሞግዚትነት ስትሠራ ኖራ ከ100,000 በላይ ምስሎች ትታ ሄደች፤ ብዙዎቹን ፊልሞች እንኳ አላሳጠበቻቸውም። ሥራዋ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2007 ሳጥኖቿ በጨረታ ከተሸጡ በኋላ ነው፤ እሷም በ2009 አረፈች። ሳጥኖቹን የከፈቱት ሰዎች ካገኟቸው ነገሮች አንዱ ማየር በመስታወት፣ በሱቅ መስኮት፣ በገዛ ጥላዋ ራሷን ደጋግማ ማንሳቷ ነው። የእናንተን ሳጥን ግን ራሳችሁ ልትከፍቱት ትችላላችሁ።

4. የእናንተን ከመሣሪያው ለዩ

ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። አብሮን ያደገው መሣሪያ ዓይናችንንም አሳድጎታልና የሚደጋገመው ሁሉ የእኛ ነው ማለት አይቻልም።

ከስልኩ ልጀምር። ዘመናዊ ስልክ ቁልፉን ስትጫኑ ብዙ ፍሬሞችን በቅጽበት ወስዶ ያዋህዳል፤ ጨለማውን ያበራል፣ የነጣውን ሰማይ ይመልሳል፣ ጠርዞቹን ያጎላል። አንዳንዱ ሳይጠየቅ የፊት ቆዳ ያለሰልሳል። ለቤተሰብ ማስታወሻ ጥሩ ነው። ጥላ የምትወዱ ከሆናችሁ ግን ስልኩ በየቀኑ ጥላችሁን እየወሰደባችሁ ነው። መፍትሔው ከማንሳታችሁ በፊት ስክሪኑን ነክታችሁ ብርሃኑን ወደ ታች መሳብ፣ ማሳመሪያውን ማጥፋት፣ ስልኩ የሚፈቅድ ከሆነ ደግሞ በሮው ፋይል፣ ማለትም ገና ባልተስተካከለ ጥሬ ምስል፣ ማንሳት ነው። የተለመደው የፎቶ ፋይል፣ ጄፔግ፣ ለእያንዳንዱ ቀለም 256 የብርሃን ደረጃ ብቻ ሲኖረው ባለ 14 ቢት የካሜራ ሮው 16,384 ደረጃ ይይዛል። ጥላው ምን ያህል ይጥቆር የሚለውን ውሳኔ ወደ እናንተ የሚመልሰው ይህ ነው።

ቀጥሎ ሌንሱ። የብዙ ስልኮች ዋና ሌንስ ከ24 እስከ 28 ሚሊ ሜትር ያህል የሆነ ሰፊ ሌንስ ነው። ሰውን ፍሬሙ ውስጥ ትልቅ ለማድረግ ጠጋ እንላለን፤ ጠጋ ስንል አፍንጫው ይገፋል፣ ጆሮው ወደ ኋላ ይሸሻል። ፎቶዎቻችሁ ሁሉ ሰው ላይ የተደፉ ከመሰሏችሁ ምናልባት ሌንሱ አስገድዷችሁ ይሆናል። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብላችሁ በሁለት እጥፍ ዙም ያንኑ ሰው አንሱና አወዳድሩ። የትኛው ርቀት ነው ልባችሁን የሚያሳርፈው?

ከዚያ ቅርጹ። ኢንስታግራም እ.ኤ.አ. በ2010 ሲጀመር ካሬ ፎቶ ብቻ ነበር የሚቀበለው፤ ይህ የተቀየረው በ2015 ነው። በእነዚያ ዓመታት ያነሳኋቸው ፎቶዎች ሁሉ ነገሩን መሐል ላይ አስቀምጠውታል፤ ጎኖቹ እንደሚቆረጡ አውቅ ነበርና። ዛሬ ደግሞ ቪዲዮው ሁሉ ቁመታም ሆኖ ስልኩን ማጋደም የሚረሳ ተማሪ አያለሁ።

የመጨረሻው ላይክ ነው። ከ30ዎቹ ውስጥ ስንቱን ለሕዝብ ለጥፋችኋል? እኔ አራቱን ብቻ ነበር። ላይክ የበዛላቸው ፎቶዎቼ የጀምበር መጥለቂያዎች ነበሩ፤ ከእነሱ አንዱም ምርጫዬ ውስጥ አልገባም። ይህ ልዩነት ብዙ ይናገራል ብዬ አምናለሁ። ለብዙ ሰው የሚያስደስተውን ማንሳት ኃጢአት አይደለም፤ የራሳችሁን ስትፈልጉ ግን ቁጥሩን መስማት አቁሙ።

አንድ ወረቀት ለሁለት ክፈሉ። በአንዱ ጎን ከመሣሪያው የመጣውን፣ በሌላው የእናንተ የሆነውን ጻፉ። የእኔ ጎን ላይ የቀሩት ሦስት ነገሮች ነበሩ፤ የጎን ብርሃን፣ በሥራ ላይ ያለ እጅ፣ የማያየኝ ሰው። ሦስት ከበቂ በላይ ነው።

5. ለራሳችሁ አጥር አበጁ

አሁን ወደ አዲስ ሥራ። የማሊው ሰይዱ ኬይታ እ.ኤ.አ. በ1948 ባማኮ ውስጥ ስቱዲዮ ሲከፍት የአልጋ ልብሱን መጋረጃ አድርጎ፣ በቀን ብርሃን፣ አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ሰው አንድ ፍሬም ብቻ ነበር የሚያነሳው። ፊልም ውድ ነበርና። ዛሬ ፎቶዎቹን ያየ ሰው ከሩቅ ይለያቸዋል። ለእኛ ፍሬም የሚያልቅብን ነገር ስላልሆነ አጥሩን ራሳችን ማጠር አለብን።

የእኔ ሕግ እንዲህ ነበር። ለስድስት ሳምንት አንድ የሌንስ ርዝመት፣ አንድ ጉዳይ፣ በሳምንት 36 ፍሬም፤ እንደ አንድ ጥቅል ፊልም ማለት ነው። ምንም አይጠፋም፤ የተበላሸውም ይቆጠራል። ካሜራው ካነሳ በኋላ ምስሉን በስክሪኑ ላይ እንዳያሳይ አድርጉት፤ ስልክ ከሆነም ጋለሪውን እስከ ማግስቱ አትክፈቱ። የመጀመሪያው ሳምንት ያናድዳል። እኔ 36ቱን በአንድ ከሰዓት ጨርሼ የቀረውን ሳምንት በቁጭት አሳለፍኩ። በሦስተኛው ሳምንት ግን ካሜራውን ከማንሳቴ በፊት ቆሜ መጠበቅ ጀመርኩ፤ እጁ ሥራውን እስኪጨርስ፣ ብርሃኑ እስኪዞር።

ጉዳዩን ስትመርጡ ከወረቀቱ ተነሱ። ከሰው ጋር የሚያያዝ ከሆነ አስፈቅዱ፤ ፈቃድ ከጠየቃችሁ በኋላ ሰውየው እንደገና ሥራው ውስጥ እስኪጠፋ ለመቆየት ትዕግሥት ይኑራችሁ።

6. ኤዲቱን በአንድ እጅ ሥሩ

እዚህ ላይ ብዙ የምለው የለኝም። ከስድስቱ ሳምንት ፎቶ የሚያረካችሁን አንዱን ምረጡ፣ ብርሃኑንና ቀለሙን በጥንቃቄ አስተካክሉ፣ ሌሎቹን ወደ እሱ አስጠጉ። የተገዛ ፊልተር አትጫኑ። እውነት ነው ብላችሁ የምታሳዩት ፎቶ ከሆነም ከውስጡ ሰው ወይም ዕቃ አታጥፉ፤ የዛሬ ስልኮች ይህን በአንድ ንክኪ ስለሚያደርጉት ፈተናው ትልቅ ነው።

7. 12 አሳትማችሁ ለሦስት ሰው አሳዩ

ከ216ቱ 12 አስቀሩ። ቅደም ተከተላቸውን ወለል ላይ እያቀያየራችሁ ፈልጉ፤ አንዱ ፎቶ የሚቀጥለውን እንዲጠራው። ከዚያ አንድ ፎቶ የሚያውቅ ሰው፣ አንድ የሚያውቃችሁ ሰው፣ አንድ ሁለቱንም ያልሆነ ሰው ፈልጉ። «ወደዳችሁት?» ብላችሁ አትጠይቁ። «ምን ይታያችኋል?» በሉና ዝም በሉ። ዝም ማለቱ ያስጨንቃል፤ ማስረዳት ያምራችኋል፤ ታገሡት። እየሰማችሁ ጻፉ። ሦስቱም ሳይነጋገሩ ያነሱት ቃል ካለ አስምሩበት።

በዚያ ቃል ተነስታችሁ ስለ ሥራችሁ ሦስት ዓረፍተ ነገር ጻፉ፦ ምን እንደማነሳ፣ ከየት ቆሜ እንደማየው፣ ለምን እንደምመለስበት። ትልልቅ ቃላት አትፈልጉ። የእኔ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር «ሰዎች በእጃቸው ሥራ ውስጥ ሲጠፉ ከጎን አያቸዋለሁ» የሚል ነው፤ ለፖርትፎሊዮም ለውድድርም እሱኑ ነው የማስገባው።

8. ቀን ጽፋችሁ አስቀምጡ፣ በስድስት ወር ክፈቱ

12ቱን፣ ወረቀቱንና ሦስቱን ዓረፍተ ነገሮች በአንድ ፖስታ አድርጋችሁ ቀኑን ጻፉበት። ስድስት ወር ሲሞላ አዳዲሶቹን ፎቶዎች ከድሮዎቹ 30 አጠገብ ዘርጉና የቀረውንም የተለወጠውንም ተመልከቱ። እኔ ሁለተኛውን ዙር ስዘረጋ በ11ዱ ውስጥ ፊት አልነበረም። በአሥራ ሁለተኛው አክስቴ በዚያው መስኮት ሥር ተቀምጣ፣ መርፌውን በአንድ እጇ ይዛ፣ ቀና ብላ ሌንሱን ታያለች።